ግራዋና ወይራ ይበቃል ወይ? የጠላ ዕቃ አጠባብ ከጋን እስከ ጣሳ

 

ቡሄ እየደረሰ ነው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ በዓሉም ከተማውም ስማቸው አንድ ነው። እናም በዚህ ሰሞን ከጋፋት እስከ ደብረ ታቦር ያለው ግቢ ሁሉ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። የዛሬው ርዕሳችንም በውስጥ መስመር ከመጣልኝ ጥያቄ የተነሳ ነው። ጠላ ሸጠው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦

«ዶክተር፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ አጥና ነው የምትጠምቀው። እኔ ግን ከተማ ከገባሁ በፕላስቲክ በርሜል ነው የምሠራው። ግራዋው ይበቃኛል ወይስ በረኪና ልጨምርበት? ልጆቼን የማስተምረው በዚችው ጠላ ነው፣ ሰው ታመመብኝ ማለት አልፈልግም።»

ጥያቄው ቆንጆ ነው። አጭሩ መልስ ይኼ ነው፦ ግራዋና ወይራ ለሸክላ ጋን ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ለፕላስቲክ ግን የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሠሩት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከጋኑ በኋላ ያለው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚሞላው ውሃ፣ ጀሪካኑና ጣሳው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ይኼን የምጽፈው ጠላ ጠጡ ለማለት አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የጉበት ሕመም ያለባችሁ፣ መድኃኒት ላይ ያላችሁና መኪና የምታሽከረክሩ አትጠጡ። ግን ጠላ በየቤቱ ይጠመቃል፣ በየማኅበሩ ይጠጣል፣ ስንቱ ቤት የሚተዳደረው በእሱ ነው። የሚጠመቅ ከሆነ በንጹህ ዕቃ ይጠመቅ ነው የምለው።

ጋን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ጠላ ሲጠመቅ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። እርሾ ከብቅሉና ከእንኩሮው የወጣውን ስኳር ወደ አልኮል ይቀይራል። አብረውት ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ አሲድ ይሠራሉ፤ ያቺ ደስ የምትል ኮምጠጥ ያለች ጣዕም ከነሱ ናት። ጌሾው መራራነቱን ይሰጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል።

ችግሩ ጋኑ ውስጥ የሚገባው የምንፈልገው እንግዳ ብቻ አለመሆኑ ነው። ያልተጋበዙትን በሁለት ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያዎቹ ጠላውን የሚያበላሹት ናቸው። ለምሳሌ አየር ሲያገኙ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ጠላው ሆመጠጠ የምንለው ያኔ ነው። ይኼ ኪሳራ ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይገድልም።

ሁለተኛዎቹ ሰውን የሚያሳምሙት ናቸው። የታይፎይድ፣ የኮሌራና የተቅማጥ ባክቴሪያዎች፣ የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ፣ አሜባና ጃርዲያ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ የሚመጡት ከተበከለ ውሃና ካልታጠበ እጅ ነው። ጣዕም ግን አይቀይሩም! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጠላው ጣፈጠ ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ሆመጠጠ ማለትም የግድ ያሳምማል ማለት አይደለም። ምላሳችን የላቦራቶሪ መሣሪያ አይደለም።

«አልኮሉ አይገድላቸውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። እጃችንን የምናጸዳበት አልኮል 70 በመቶ አካባቢ ነው። የቤት ጠላ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ቢሆን ነው። አሲዱ ብዙ ጀርሞችን ያዳክማል፣ ይኼ እውነት ነው፤ ግን ሁሉንም አይገድልም፣ ወዲያውም አይገድልም። ቅራሪ ደግሞ አልኮሉም አሲዱም የሳሳ ስለሆነ መከላከያው ያንሳል። ልጆች የሚቀምሱት ብዙ ጊዜ ቅራሪውን መሆኑን አትርሱ።

የእኛ አገር ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ደጋ ላይ ጥንስሱ ቶሎ አይነሳም። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ አልኮልም አሲድም ገና አልተሠራም፤ ማለትም መከላከያ የለውም። ዕቃው ቆሻሻ ከሆነ ያልተጋበዘው እንግዳ ቀድሞ ቦታ የሚይዘው ያኔ ነው።

ማጠብና ጀርም መግደል አንድ አይደሉም

የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይቺ ናት። ሌላውን ብትረሱ ይቺን ያዙ።

ማጠብ ማለት በዓይን የሚታየውን፣ በእጅ የሚዳሰሰውን ማስወገድ ነው፦ አተላ፣ ቅባት፣ ግድግዳው ላይ የተጋገረ ድፍድፍ። ጀርም መግደል ማለት ደግሞ ከታጠበ በኋላ የቀሩትን የማይታዩትን በሙቀት ወይም በክሎሪን ማጥፋት ነው።

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ መግደል። ለምን? ጀርሞች ዕቃ ላይ ተጣብቀው ሲቆዩ በላያቸው የሚያዳልጥ ልባስ ይሠራሉ። ባዮፊልም ይባላል። ጀሪካን ውስጥ ጣታችሁን ስትከቱ የሚያሙለጨልጨው እሱ ነው። በዚያ ልባስ ላይ በረኪና ብትደፉ በረኪናው ጉልበቱን አተላውና ልባሱ ላይ ይጨርሳል፣ ከሥር ያሉት ጀርሞች ይተርፋሉ። ስለዚህ «በረኪና አብዝቼ ስለጨመርኩ ማሸት አያስፈልገኝም» የሚባል ነገር የለም።

አሁን እናቶቻችን የሚያደርጉትን ተመልከቱ። መጀመሪያ ግራዋ፣ ቀጥሎ ወይራ። መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ መግደል! ጋፋት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ መሆኗ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1860ዎቹ ነው። በነዚያው ዓመታት ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ ሲመረምር ነበር። የሚያበላሹት ረቂቅ ሕያዋን መሆናቸውን፣ ሙቀት እንደሚገድላቸውም አሳይቶ በ1866 በመጽሐፍ አሳተመ። የእኛ እናቶች ፓስተርን ሳያውቁ ጋኑን አጥበው፣ አሙቀውና አጥነው ይጠምቁ ነበር። ምክንያቱን ባያውቁትም ቅደም ተከተሉን በልምድ አግኝተውታል። እኔ ልምዱን ተዉት አልልም፤ የት ድረስ እንደሚሠራ እንወቅ ነው የምለው።

ግራዋ ምን ይሠራል? ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ ይፍቃል። ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና የሚሠራ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። መራራ ንጥረ ነገሮቹም በላቦራቶሪ ሲሞከሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይቃወማሉ። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ የተጨመቀ ጭማቂ ሌላ፣ ባልዲ ውስጥ የታሸ ቅጠል ሌላ ነው። ስለዚህ ግራዋን ጥሩ አጣቢ በሉት፣ ጀርም ገዳይ ነው ብላችሁ ግን አትደገፉበት። ግራዋው የታሸበት ውሃ ራሱ ከወንዝ የተቀዳ ከሆነም ያው ጀርም ይዞ ነው የሚገባው።

ወይራስ? ጋኑ በወይራ ፍም ላይ ሲደፋ ሁለት ነገር ይከናወናል። አንደኛ፣ ግድግዳው ይግላል፣ ይደርቃል። ሁለተኛ፣ ጭሱ ውስጥ ያሉ ጀርም የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች የሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ። ጥንጁት ስትጠቀሙም ያው ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚታመነው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ሽታው ገባልኝ ብላችሁ ቶሎ አታንሱት፤ ጋኑ ከውጭ ሲነካ እጅ ሊቆይበት እስከማይችል ድረስ ይጋል። ስትነኩት ግን ተጠንቀቁ፣ እንዳያቃጥላችሁ።

እንግዲህ ዕቃ በዕቃ እንሂድ

1. የሸክላ ጋንና እንስራ

ጠላው እንዳለቀ አተላውን ወዲያው አውጡ፤ ከደረቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ንጹህ ውሃና ግራዋ አድርጋችሁ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ደጋግማችሁ እሹ። አንገቱን አትርሱት፣ አረፋው የሚደርቅበት እሱ ጋ ነው። ከዚያ አፉን ወደታች ደፍታችሁ አንጠፍጥፉ፣ ጸሐይ ካለ ጸሐይ ላይ አድርቁ፣ መጨረሻ ላይ እጠኑ።

ሸክላ ላይ በረኪናና ሽታ ያለው ሳሙና አትጠቀሙ። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን በረኪናና ሳሙና ደግሞ ለቀጣዩ ጠላ ይመልሰዋል። የተሰነጠቀ ጋን ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ማጽዳት አይቻልም። ለእህል ማስቀመጫ አድርጉት።

2. የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን

ፕላስቲክ አይታጠንም። ይቀልጣል፣ ጎጂ ነገርም ይለቃል። ስለዚህ ወይራው ይሠራልን የነበረውን የመግደል ሥራ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም በረኪና ነው። ለጠያቂዬ እናት መልሱ እዚህ ጋ ነው፦ ለፕላስቲክ ግራዋው ብቻውን አይበቃም፣ በረኪናው ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

– በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና (ላርጎ የምንለው) በደንብ እሹ። እጅ የማይገባበት ጀሪካን ከሆነ ረጅም ብሩሽ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ትንሽ ንጹህ ጠጠር ጨምራችሁ ናጡት። ክዳኑን፣ የክዳኑን ጥርስና ጎማውን ለብቻ እጠቡ። ቧንቧ ካለው ፈትታችሁ እጠቡት።

– የሳሙናው አረፋ እስኪጠፋ አለቅልቁ።

– የበረኪና ውሃ አዘጋጁ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ አካባቢ የሚል ተራ በረኪና ከሆነ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር) በ4 ሊትር ውሃ። ማለትም ለሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 5 የሾርባ ማንኪያ። ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ለዚህ አይሆንም።

– የዕቃው ውስጥ በሙሉ ለ2 ደቂቃ ያህል በዚህ ውሃ ይርጠብ። ከዚያ ድፉት፣ ዕቃውን ዘቅዝቃችሁ በራሱ ይድረቅ። ሽታው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ብቻ አለቅልቁት። በወንዝ ውሃ ካለቀለቃችሁት ሥራችሁን ከዜሮ ጀመራችሁ ማለት ነው።

– የበረኪናው ውሃ ለዕለቱ ብቻ ነው። ካደረ በተለይም ጸሐይ ካገኘው ጉልበቱ ይቀንሳል።

ውስጡ በጣም የተቧጨረ ጀሪካን ይቀየር፤ ቧጨራው ውስጥ ጀርም ይደበቃል።

አሁን የምለውን ደግሞ በደንብ ስሙኝ፦ የፀረ አረም፣ የፀረ ተባይ፣ የቀለም ወይም የሞተር ዘይት መያዣ የነበረ ጀሪካን በምንም ዓይነት አጠባብ የጠላ ዕቃ አይሆንም። ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ይጠጣል፣ ጠላው ሲገባበት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሰባት ጊዜ ብታጥቡትም ያው ነው። ጀሪካን ከገበያ ስትገዙ ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ አትግዙ። ብቅልና ጌሾ ስታሰጡም የታከመ ዘር በነበረበት ጆንያ ላይ አታስጡ።

3. የብረት ዕቃ

ጠላ አሲድ አለው፤ አሲድ ብረትን ይበላል። ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ በርሜልና ባልዲ ውስጥ ጠላ ከቆየ ዚንኩ ይሟሟና ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ይኼ የንጽህና ጉዳይ አይደለም፣ ዕቃው ንጹህ ቢሆንም ያው ነው። የዛገም ሆነ የመዳብ ዕቃ ውስጥ አታቆዩት። የማይዝግ ብረት ከሆነ ግን እንደ ፕላስቲኩ ታጥቦ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። በረኪና ብረትን ስለሚበላ ብረት ላይ የፈላ ውሃ ይሻላል።

4. ማጥለያውና ወንፊቱ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኼ ነው። ጠላው ሁሉ የሚያልፍበት ግን በእሱ ነው። የጨርቅ ማጥለያ በሳሙና ታጥቦ 10 ደቂቃ ይፍላ፣ ጸሐይ ላይ ይድረቅ፣ ደርቆ ይቀመጥ። እርጥቡን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጀርም ማርባት ነው። አብሮት የሚሠራው እጅም ያው በሳሙና ይታጠብ፤ ጥፍር ይቆረጥ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ደግሞ በዚያ ሳምንት ጠላ አይንካ።

5. ጣሳው፣ ብርጭቆውና መቅጃው

የብዙ ጠላ ቤትና የድግስ ቤት ችግር ይኼ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ይቀመጣል፣ መቶ ጣሳ እዚያው እየተነከረ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ውሃው ጣሳውን ያጥባል፤ ከአሥረኛው በኋላ ግን ያንዱን ምራቅ ለሌላው ማካፈያ ነው የሚሆነው። ጋኑ የቱንም ያህል ቢታጠን እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

መፍትሔው ሦስት ባልዲ ነው። አንዱ ሳሙና ያለው፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ከላይ ባልነው ልክ የበረኪና ውሃ። ጣሳው በሦስተኛው ውስጥ 2 ደቂቃ ይቆይና ተዘቅዝቆ በራሱ ይድረቅ። በዚያች ቀኑን ሙሉ በምትዞር መወልወያ ጨርቅ አትወልውሉት። ውሃው ሲደፈርስ ይቀየር። መቅጃው እጀታው ረጅም ይሁን፣ አንድ ብቻ ይሁን፤ የተጠጣበት ጣሳ ተመልሶ ጋን ውስጥ አይግባ።

ሁሉም የሚረሳው፦ የመጨረሻው ውሃ

ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ጋኑ ውሃ ይሞላል፤ ቅራሪውም ሲወጣ እንደገና ውሃ ይጨመራል። እንኩሮው በእሳት አልፏል፣ ቂጣው በምጣድ አልፏል፣ ይኼ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ በምንም አላለፈም። ከወንዝ ወይም ካልተከደነ ጉድጓድ የተቀዳ ከሆነ የሠፈሩን ሁሉ ጀርም ይዞ ይገባል። በክረምት ደግሞ ጎርፉ መጸዳጃውንም በረቱንም አጥቦ ወደ ወንዙና ወደ ጉድጓዱ ነው የሚወስደው። ቡሄ የሚውለው በዚሁ በክረምት ነው!

ስለዚህ ውሃው ይፍላ ወይም ይታከም።

ስለ ማፍላት አንድ የኛ አገር ጉዳይ አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አትደንግጡ፣ ይኼም ጀርሞቹን ለመግደል ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚሰጠው ምክር ግን ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ከዚያ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ብትጨምሩት እርሾውን ይገድልባችኋል።

ለድግስ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለማፍላት እንጨቱም ጊዜውም ይከብዳል፣ ይገባኛል። ሁለተኛው አማራጭ እንደ ውሃ አጋር ያሉ የውሃ ማከሚያዎች ናቸው። መለያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ውሃውን ወደ ጋኑ ጨምሩ። ማከሚያውን በቀጥታ ድፍድፉ ላይ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ክሎሪኑ ድፍድፉ ላይ ያልቃል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በጨርቅ አጥሉት። አሜባና ጃርዲያ በክሎሪን ቶሎ ስለማይሞቱ ለነሱ የሚሻለው ማፍላት ነው።

ስታጸዱ ራሳችሁን እንዳትጎዱ

በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ኮምጣጤ የሆነ ጠላ ያለበት ዕቃ ላይም መጀመሪያ በውሃ ሳታለቀልቁ በረኪና አትድፉ።

በረኪና ሃይላንድ ውስጥ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል። ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ ወተትም ሎሚም ሳትሞክሩ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ኑ።

ጋን ስታጥኑ ደጅ ወይም በሩ የተከፈተ ቤት ውስጥ ይሁን። ዝናብ ነው ተብሎ ተዘግቶ የሚታጠን ከሆነ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምርና ራስን ያስታል፣ ይገድላልም።

ትልቅ በርሜል ውስጥ ራሳችሁን አስገብታችሁ አታጽዱ። ጠላ ሲብላላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ሥር ይተኛል። በርሜሉን አጋድማችሁ፣ አናፍሳችሁ፣ በረጅም ብሩሽ እጠቡ።

አጠባብ የማያስተካክለው ነገር

የሻገተ ብቅል፣ ገብስና ጌሾ አለ። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይኼ መርዝ በማፍላት አይጠፋም፣ በመጥመቅም አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይጠፋም። ትንሽ ነው ብላችሁ አትቀላቅሉት። ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ለቅማችሁ ጣሉ፤ ብዙ ከሆነ በሙሉ ይጣል።

መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

ከድግስ በኋላ ሰው ሲታመም «ትናንት የጠጣሁት ነው» ይላል። እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን፣ ታይፎይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ ሄፓታይተስ ኤ ከ2 እስከ 7 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው። የቡሄ ጣሳ ያመጣው ታይፎይድ በዕንቁጣጣሽ ሰሞን ሊነሳ ይችላል ማለት ነው። ያኔ ማን ጣሳውን ያስታውሳል?

ተቅማጥ ከጀመረ በመጀመሪያ ኦ አር ኤስ ጀምሩ። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፤ ትውከት ካለ በጥቂት በጥቂቱ። ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ። እነዚህ ካሉ ግን አትጠብቁ፣ ሂዱ፦

– እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ብዙ ተቅማጥ፣ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ
– የዓይን መጎድጎድ፣ የሽንት መጥፋት፣ አቅም ማጣት
– ከ2 ቀን ያለፈ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን
– ከጠጡ በኋላ የዓይን ብዥታ ወይም አለማየት፣ በተለይ አረቄ ከነበረበት፤ ይኼ የሜታኖል መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አይሰጥም
– ድንገት ብዙ ምራቅና ላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የትንፋሽ ችግር፤ ይኼ ደግሞ የፀረ ተባይ መርዝ ምልክት ነው፣ ጀሪካኑን አስታውሱ
– ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ ምልክቱ ቀላል ቢመስልም

አንድ ድግስ ላይ የነበሩ ብዙ ሰዎች አብረው ከታመሙ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያ ወዲያው ንገሩ። ይኼ ጠማቂዋን ለመክሰስ አይደለም። ምንጩ ውሃው ከሆነ ቀጥሎ የሚታመመው ጎረቤት ነው።

በአጭሩ

መጀመሪያ እጠቡ፣ ቀጥሎ ግደሉ። ለሸክላ ግራዋና ወይራ፣ ለፕላስቲክ ሳሙናና በልኩ የተለካ በረኪና፣ ለብረትና ለጨርቅ ሙቀት። የኬሚካል ጀሪካን በጭራሽ። የመጨረሻው ውሃ ፈልቶ ወይም ታክሞ ይግባ። ጣሳ በአንድ ባልዲ አይነከር።

ለጠያቂዬ እናት፦ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ዛሬ ጀምሩ ብባል ሦስቱን ባልዲ ነው የምልዎት። ወጪው አንድ ጠርሙስ በረኪናና ሁለት ተጨማሪ ባልዲ ነው፤ ደንበኞችዎም በዓይናቸው ያዩታል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ሁሉ ስልክ ላይ ይኼን አያነቡትም። ስለዚህ ያነበባችሁት ሼር ከማድረግ በተጨማሪ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ የበረኪናውንም ልክ በማንኪያ አሳዩአቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም የቡሄ በዓል! ጤናችሁ ይብዛ።